እንደራሴያችን ድምፅ ከመስጠቱ በፊት መራጩ ምን ማድረግ ይችላል?

ጥያቄ፦ የሥነ ዜጋ መምህር፣ ምሥራቅ ጎጃም

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 54 ሳስተምር፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች እንደሆኑና ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ እንደሆነ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። እነርሱም ትምህርቱን ለወላጆቻቸው ይነግራሉ፤ ከወላጆቻቸውም ዘንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ይዘውልኝ ይመለሳሉ።

የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 መጽደቁን በአካባቢያችን የሰማነው ከጸደቀ በኋላ በሬዲዮ ነበር። ከ1997 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረውን አዋጅ ቁጥር 456ን የተካ፣ ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ማስያዝ የሚችልበትን መንገድ በፌደራል ደረጃ የከፈተ ሕግ ነው። መሬት ለጎጃም ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንዳንዱ አዋጁን በደስታ፣ አንዳንዱም በሥጋት ተቀበለው፤ ሁሉንም ያስማማው ግን ቀድሞ የጠየቀን ሰው አለመኖሩ ነበር። የአንዱ ተማሪዬ አባት «የእኛ ተወካይ እጁን ያነሣው ማንን ጠይቆ ነው? አሁን ብንናገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይሆንብንም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

እንደራሴው በምክር ቤቱ የዕረፍት ወር ወደ ወረዳችን በመጣበት ጊዜ በስብሰባው ላይ ተገኝቼ ነበር። ሕዝቡ የጠየቀው ስለ መንገድ፣ ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ መብራትና በወቅቱ ስላልደረሰው ማዳበሪያ ነው። እንደራሴው ሁሉንም በማስታወሻው ጻፈ፤ «ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ» ብሎም ሄደ። ስለ አንድም አዋጅ፣ ስለ ሰጠውም ሆነ ወደፊት ስለሚሰጠው ድምፅ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እርሱም በራሱ አላነሣውም።

ስለዚህ ጥያቄዬን በግልጽ ላቅርብ። ተራው መራጭ፣ ማለትም ሥልጣንም ገንዘብም የሌለው ገበሬ፣ ነጋዴ ወይም መምህር፣ ተወካዩ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት በዚያ ድምፅ ላይ ተጽዕኖ ማሳደር ይችላል ወይ? የምጠይቀው ከአምስት ዓመት በኋላ ስለሚደረገው ምርጫ አይደለም፤ ስለ አንድ ረቂቅና ስለ አንድ ድምፅ ነው። የሚቻል ከሆነ ለማን፣ መቼና በምን መልክ ይቀርባል? ተወካዩ የፓርቲ አባል ሆኖ የፓርቲውን አቋም የሚከተል ከሆነስ ድካማችን ፍሬ ይኖረዋል?

መልስ፦ ጠበቃ፣ ደብረ ማርቆስ

መምህር፣ ይህን ጥያቄ ከተማሪዎች ወላጆች ተቀብለው ማምጣትዎ በጣም አስደስቶኛል፤ በፍርድ ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ እንኳ እምብዛም የማይነሣ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ድምፁ የሚሰጥበትን መንገድ እንይ። አብዛኞቹ ረቂቅ አዋጆች ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣሉ። ረቂቁ በምክር ቤቱ የመጀመሪያ ንባብ ተደርጎበት ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው ረቂቁን ያዘጋጁትን ጠርቶ ማብራሪያ ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜም ባለድርሻ አካላት የሚባሉትን ጠርቶ ያወያያል። ከዚያም የውሳኔ ሐሳቡን ይዞ ወደ ምክር ቤቱ ይመለሳል። በሁለተኛው ንባብ አፈ ጉባኤው የሚደግፉትን፣ የሚቃወሙትንና ድምፀ ተዓቅቦ የሚያደርጉትን በየተራ እጅ ያስነሣሉ። እኛ በቴሌቪዥን የምናየው ይህን የመጨረሻውን ደቂቃ ብቻ ነው፤ ያ ደቂቃ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ከሞላ ጎደል አልቋል። አስቸኳይ ነው የተባለ ረቂቅ በቀረበበት ዕለት የሚጸድቅበት ጊዜም አለ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቁጥሩ ነው። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫዎች አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ 138ቱ የአማራ ክልል የምርጫ ክልሎች ናቸው። በ2013 በተደረገው ምርጫ አንድ ፓርቲ ብቻውን 410 ወንበር አሸንፏል። የእርስዎ እንደራሴ «አልደግፍም» ቢል እንኳ የድምፁ ድምር የሚለወጥበት ዕድል በጣም ጠባብ ነው። በ2007ቱ ምርጫ ደግሞ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ሁሉንም መቀመጫ ስለያዙ፣ በዚያ የሥራ ዘመን ከተቃዋሚ ፓርቲ ተመርጦ የገባ አንድም አባል በአዳራሹ አልነበረም። ይህን የማነሣው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ ጉልበታችንን የት ማዋል እንዳለብን ስለሚያሳይ ነው።

ስለ ፓርቲው የጠየቁትን በተመለከተ፣ አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4 የተወካዩን ተገዢነት ሲዘረዝር ፓርቲን አይጠቅስም። ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ ማንኛውም አባል በምክር ቤቱ ስብሰባ በሚሰጠው ድምፅ ወይም በሚናገረው አስተያየት ምክንያት እንደማይከሰስ ይደነግጋል። በሕግ ዓይን የፓርቲ አባል የሆነ ተወካይ ከፓርቲው አቋም የተለየ ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል አልሠራም። ሆኖም በሚቀጥለው ምርጫ በዕጩነት የሚያቀርበው ፓርቲው ነው፤ ይህን መራጩም ተወካዩም አሳምረው ያውቁታል። ስለዚህ «ተቃወምልን» የሚለው ጥያቄ ለእንደራሴው እጅግ ውድ የሆነውን ነገር እንዲከፍል የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከፍሎትም ውጤቱ አይለወጥም። «በዚህ አንቀጽ ውስጥ ይህ ሐረግ ይጨመርልን፣ ምክንያቱም በእኛ ወረዳ እንዲህ ያለ ችግር ያመጣል» የሚለው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፓርቲው ጋር አያጋጨውም። ኮሚቴ ውስጥ ረቂቅ ይሻሻላል፤ አንቀጽ ይሰረዛል፣ ይጨመራል፣ የቃላት ለውጥ ይደረጋል። ተራ መራጭ ሊደርስበት የሚችለው ቦታ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጊዜውን በተመለከተ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ሲሆን፣ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት እንዲኖር ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል። ተወካዮቹ ወደ መራጩ የሚመጡት በዚያ የዕረፍት ወርና በክረምት ነው። ለገበሬው ክረምቱ የሥራ ወቅት ስለሆነ፣ ስለ ረቂቅ ሕግ ረጋ ብሎ ለመነጋገር የሚመቸው የበጋው ዕረፍት ነው።

ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል አንቀጽ 12 እና አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7 ይናገራሉ። ነገር ግን እርስዎ የጠየቁት ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ስላለው ጊዜ ነውና በዚህ አልገፋበትም።

መልስ፦ ጡረተኛ፣ ሞጣ

ጠበቃው የተናገሩት ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ከፓርቲ በፊት የነበረውንም ዘመን አይቻለሁና ጥቂት ልጨምር።

በ1948 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት፣ በ1949 ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በቀጥታ መረጠ። ያን ጊዜ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ለዕጩነት ለመቅረብ ንብረት ያስፈልግ ስለነበር የሚመረጠው ባለ ርስትና ባለ ሀብት ነው እንጂ ድሃው አልነበረም። እንደራሴው በፓርቲ ትእዛዝ የማይታሰር ከሆነ ለመራጩ ይቀርባል የሚል ሰው ቢኖር፣ በጎጃም በ1960 የሆነውን ያስታውስ።

በዚያ ዘመን አስራትን አስቀርቶ በምትኩ የእርሻ ገቢ ግብር የሚያስከፍል ሕግ ወጣ። ሕጉ በሁለቱም ምክር ቤቶች ያለፈ ነው። ሲወጣ ግን እኛ ዘንድ የደረሰው ገማቾች መጥተው ሰብሉን ሊያዩ በተነሡ ጊዜ ነው። ገበሬው የፈራው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም፤ ግምቱ መሬት ለመለካት፣ ልካቱም ርስትን ለመንጠቅ መንገድ ነው ብሎ አመነ። ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ፤ አባቴና ጎረቤቶቻችን ማታ ማታ ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲመካከሩ፣ የሚደጋግሙት ቃል «ሊለኩን ነው» የሚል እንደነበረ አስታውሳለሁ። ሞጣ፣ ብቸና፣ ዳሞት በየተራ እምቢ አሉ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም መጣ። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ግብሩም እንደ ታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ።

ይህን የማነሣው ለጀግንነቱ አይደለም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ያ ረቂቅ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወደ ምክር ቤቱ ሲገባ የነበረው መልክና ሲወጣ ያገኘው መልክ አንድ አልነበረም፤ ባለ ብዙ መሬቶች ለራሳቸው እንዲመች አድርገው በብዙ ቦታ ለውጠውታል። እንግዲህ በእንደራሴዎቹ ድምፅ ላይ ተጽዕኖ ማሳደር ይቻል ነበር፤ አሳድረዋልም። የቻሉት ግን አዲስ አበባ የነበሩት፣ ረቂቁን በእጃቸው ይዘው ያነበቡት፣ ከእንደራሴው ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀመጡት ናቸው። የሞጣ ገበሬ ረቂቁን አላየውም፤ የተናገረውም ድምፅ ከተሰጠ በኋላ፣ ያውም በጠመንጃ ነው። ተሰምቷል፤ የተከፈለበት ዋጋ ግን ከአንድ ደብዳቤና ከአንድ የበቅሎ መንገድ ጋር ጨርሶ የሚወዳደር አልነበረም።

ስለዚህ መምህር፣ እንቅፋቱ ሁሉ ፓርቲው ነው ብለው ለተማሪዎችዎ እንዳይነግሩብኝ። ከፓርቲውም በላይ የሚጎዳን ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት በእጃችን አለመግባቱ ነው።

መልስ፦ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ፣ ቡሬ አካባቢ

የሞጣው አባታችን በተናገሩት ላይ ተመርኩዤ፣ እኛ ዘንድ የተደረገውን በአጭሩ ላካፍላችሁ፤ ለመምህሩ ተግባራዊ መልስ የሚሆን ይመስለኛል።

የመሬት አዋጁ ገና በረቂቅ ላይ እያለ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአንድ አባላችን ልጅ ረቂቁን በቴሌግራም ላከልን። ገጹ ብዙ ስለነበር ሁሉንም ለማንበብ አልሞከርንም፤ ስለ ብድር ዋስትና የሚናገረውን ክፍል ብቻ ለይቼ በእጄ ጻፍሁት። በወሩ በሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ሲሰበሰብ አነበብሁላቸው። ብዙ ክርክር ተነሣ። ወጣቶቹ «ብድር ካላገኘን በምን እንነሣለን?» አሉ፤ ሽማግሌዎቹ «ባንክ መሬት ውስጥ ከገባ አይወጣም» ብለው መለሱ። በመጨረሻ ሁሉንም ያስማማው የአንዲት እናት ቃል ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡና፣ የባለቤታቸውና የእርሳቸው ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበትን ገጽ ገልጠው «ሁለታችንም እዚህ አለን፤ ዋስትና የሚያስይዘው ግን አንዱ ብቻ እንዳይሆን» አሉ።

ደብዳቤያችን ይህን አንድ ነገር ብቻ የሚጠይቅ ሆነ፦ መሬት ለዋስትና በሚያዝበት ጊዜ የባልና የሚስት ፈቃድ በጽሑፍ እንዲረጋገጥ በሕጉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍልን የሚል። አንዳንድ ሰዎች መንገዱም፣ ማዳበሪያውም፣ ለአሲዳማው አፈራችን የሚሆነው ኖራም አብሮ ይጻፍ ብለው ጠይቀው ነበር፤ እኔ ግን አጥብቄ ተቃወምሁ። ደብዳቤው ውስጥ መንገድ ከገባ እንደራሴው የሚመልሰው ስለ መንገዱ ብቻ ነው፤ ስለ መንገድ መልስ መስጠት ቀላል ነውና። ደብዳቤው አንድ ገጽ ሆኖ ስም ዝርዝሩ በመስመር ወረቀት ተያያዘ፤ መጻፍ የሚችለው ፈረመ፣ የማይችለው በማኅበራችን የማኅተም ቀለም አውራ ጣቱን አሳረፈ። የሴቶቹ ስም ከባሎቻቸው ስም ተለይቶ በራሳቸው መስመር ላይ እንዲሰፍር አደረግን። አንዱን ቅጂ ለእንደራሴው፣ አንዱን በቀጥታ ለቋሚ ኮሚቴው ላክን።

እንደራሴው ስልክ ደወለልኝ። የጠየቀኝ ነገር አስገረመኝ፤ በቀበሌያችን ስንት ደብተር የሁለቱም ስም እንዳለበትና ስንቱ በአንድ ሰው ስም ብቻ እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። ከቀበሌው መሬት አስተዳደር ኮሚቴ ጠይቄ ቁጥሩን ላክሁለት። ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን የኮሚቴው አባል ለሆነ ሌላ ተወካይ እንዳስረከበ ነገረኝ። በቀጣዩ የዕረፍት ጊዜ ሲመጣም፣ በእኛ ስብሰባ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አንድ አዋጅ ከነአንቀጹ ተናገረ፤ ምን ድምፅ እንደሰጠና ለምን እንደሰጠም ማንም ሳይጠይቀው አስረዳ። አዋጁን እኛ ለወጥነው አልልም፤ ስለ ድምፁ ለእኛ መልስ መስጠት እንዳለበት ግን ከዚያ ወዲህ የሚያውቅ ይመስለኛል።

መልስ፦ ስሙ እንዳይጠቀስ የፈለገ፣ ደምበጫ

ከላይ የቀረቡትን ሁሉ በአክብሮት አንብቤአለሁ። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚቻለው ሰው በሰላም መሰብሰብና ስሙን ያለ ፍርሃት መጻፍ ሲችል ነው።

ለእኛ ለጎጃሞች ከየትኛውም አዋጅ በላይ የከበደውን ድምፅ አስቡ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደነገገ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በዕረፍት ላይ ስለነበር፣ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ ነሐሴ 8 ቀን አጸደቀው። የተቃወሙና ድምፀ ተዓቅቦ ያደረጉ ነበሩ፤ ጥቂት ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ባልሆነበት ጊዜ የወጣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀርብለትና በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲጸድቅ ያዛል፤ ጊዜው ተጠብቋል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ግን እኔ ለእንደራሴዬ ምን ብዬ፣ በምን ልላክ? ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጧል፤ መንገዱ ተዘግቷል፤ መሰብሰብ አይታሰብም። ጉዳዩ ከማንም በላይ የሚመለከተው ሕዝብ፣ ድምፁን ማሰማት ፈጽሞ የማይችለው ሕዝብ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊትና በኋላ ከራሳቸው ከክልሉ ተወካዮች መካከል የታሰሩ አሉ። ያለመከሰስ መብት ያለው ሰው ሲታሰር ያየ ገበሬ፣ በአንድ ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ለማሳረፍ ሁለት ጊዜ ቢያስብ አይፈረድበትም።

የቡሬው ወንድሜ ያደረጉት የሚያስመሰግን ነው። እኔ የምለው፣ ስለ ተጽዕኖ ስናወራ ደብዳቤው ስለሚጻፍበት ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ጸሐፊው ስለሚኖርበት ሁኔታም እንነጋገር ነው።

መልስ፦ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር፣ ባሕር ዳር

ደምበጫ ያሉት ወንድማችን የተናገሩት እውነት ነው፤ የምጨምረው ነገር እርሱን አይሽረውም። ለመምህሩ ጥያቄ ግን በጥናት የተደገፈ መልስ አለና ላካፍል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ የግዛቱ ምክር ቤት ስለ አንድ የግብር ተመላሽ ድምፅ ሊሰጥ በተዘጋጀበት ጊዜ፣ ዳንኤል በትለርና ዴቪድ ኒከርሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የየምርጫ ክልሉን መራጮች አስተያየት በስልክ ሰበሰቡ። ውጤቱን በዕጣ ለተለዩ ግማሾቹ እንደራሴዎች ላኩላቸው፤ ለቀሩት አልላኩም። የራሳቸውን መራጮች አስተያየት በቁጥር ያገኙት እንደራሴዎች፣ ካላገኙት ይልቅ ከመራጮቻቸው ፍላጎት ጋር የሚስማማ ድምፅ ሰጡ። ከዚህ የምረዳው፣ ተወካዩ መራጩን የማይከተለው ሁልጊዜ ስለ ናቀው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መራጩ በዚያ ጉዳይ ላይ ምን እንደሚያስብ አያውቅም። የቡሬው እንደራሴ ስልክ ደውሎ የደብተሮቹን ቁጥር መጠየቁ ለእኔ የሚያስገርም አይደለም። ኒው ሜክሲኮ የተጠናው የሁለት ፓርቲዎች ፉክክር ባለበትና የእያንዳንዱ ድምፅ ከነስሙ በሚመዘገብበት ምክር ቤት ስለሆነ፣ ውጤቱን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም። ይሁንና እውቀት በሌለበት ቦታ እውቀት ማቅረብ በየትኛውም ምክር ቤት ክብደት አለው።

ሌላው ወገን ያለውንም መዘንጋት የለብንም። ኤድመንድ በርክ የተባለው የእንግሊዝ ፖለቲከኛ በ1774 በብሪስቶል ለመረጡት ሰዎች፣ ተወካይ ለመራጩ ድካሙን ብቻ ሳይሆን የራሱን ፍርድም እንደሚያበረክት፣ ፍርዱን ለመራጩ አስተያየት አሳልፎ ከሰጠ ግን እንደሚበድለው በአደባባይ ነግሯቸዋል። በ1780 ብሪስቶል ፊቷን ስላዞረችበት ከውድድሩ ወጣ። የእኛ ሕገ መንግሥት «ለሕዝቡ» ያለውን ከ«ለሕሊናቸው» ጎን ሲያስቀምጥ ይህንኑ ክርክር ሳይዘጋው ትቶታል፤ እኔም መዘጋት አለበት ብዬ አላስብም። እንደራሴዬ እኔ ያልሁትን ሁሉ እንዲያደርግ አልጠብቅም። ሰምቶኝ ከተለየ፣ የተለየበትን ምክንያት ፊቴ ቆሞ እንዲነግረኝ ግን እጠብቃለሁ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ የሥነ ዜጋ መምህር፣ ምሥራቅ ጎጃም

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከደምበጫ ለጻፉልን ወንድሜ የምመልሰው ቃል የለኝም፤ ያሉትን ለተማሪዎቼም አልደብቅም።

አንድ ነገር ግን ይቅርታ አድርጋችሁ ልጠይቅ። የመሬት አዋጁ ጸድቋል፤ የተማሪዬ አባት ያሉት «ጅቡ ሄዷል» የሚለው ነገር ለዚህ አዋጅ እውነት ሆኗል ማለት ነው? ወይስ አሁንም የቀረ በር አለ?

መልስ፦ ጠበቃ፣ ደብረ ማርቆስ

የቀረ በር አለ መምህር፣ ያውም ከአዲስ አበባው ይልቅ ለእርስዎ የሚቀርበው ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2(መ) መሠረት፣ መሬትን የማስተዳደር ሥልጣን የክልሎች ነው፤ ክልሎች የሚያስተዳድሩትም የፌደራሉ መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት ነው። ስለዚህ የፌደራሉ አዋጅ ማዕቀፉን ያስቀምጣል፤ ገበሬው በየቀበሌው የሚዳኝበት ዝርዝር ግን በክልሉ አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ ይወሰናል። እኛ ዘንድ ሲሠራበት የቆየው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 የወጣው ከአዲሱ የፌደራል አዋጅ በፊት ስለሆነ፣ ከእርሱ ጋር መጣጣሙ የግድ ነው፤ ደንቡና መመሪያውም ይከተሉታል። ይህን የሚወስነው ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ምክር ቤት ነው። የዚያ ምክር ቤት አባላት አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት በየወረዳቸው ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሌላ ሥራም አላቸው፤ የገበያ ቀን የሚያገኟቸው፣ ለቅሶ ላይ አብረዋቸው የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። ሁላችንም ዓይናችንን በፌደራሉ እንደራሴ ላይ ስለ ተከልን፣ የክልል ምክር ቤት አባላችንን በስም እንኳ የማናውቅ ብዙ ነን።

የደምበጫው ወንድማችን ያነሡት ሥጋት ለእርስዎም የሚሠራ ከሆነ፣ ብዙ ሕዝብ ሰብስቦ ማስፈረሙ የግድ አይደለም። የአንድ ዕድር፣ የአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የአንድ ትምህርት ቤት የወላጅ መምህር ኅብረት በራሱ ማኅተም ሊጽፍ ይችላል፤ ግለሰቦቹ ሳይጋለጡ ደብዳቤው ክብደት ይኖረዋል። አቤቱታ የማቅረብ መብትም በአንቀጽ 30 ተረጋግጧል።

አሁን ማድረግ ያለብዎት የክልሉ ምክር ቤት አባልዎ ማን እንደሆነ ከወረዳው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ፣ ከዚያም የመሬት ሕጉ ወይም ደንቡ ለሚቀጥለው ጉባኤ በአጀንዳ ይቀርብ እንደሆነ እርሱን ወይም እርሷን ማነጋገር ነው። የሚጠይቁትን አንቀጽ እንደ ቡሬው ጸሐፊ አንድ ብቻ ያድርጉት። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁና ሲያስገቡ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ የገባበትን ቁጥርና ቀን ይጻፍልዎት፤ ከጉባኤው በኋላ ሄደው «ምን ሆነ?» ብለው ሲጠይቁ መጀመሪያ የሚጠየቁት ያንን ቁጥር ነው።